ውቅያኖስን በሣጥን

ሄንሪ ስቶምል ዶክተር አልነበረም። ማስተርስም አልነበረውም። በእጁ የነበረው ወረቀት በ1942 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ያገኘው የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሃርቫርድ ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠረው፤ ቀጥሎ ኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር አድርጎ ወሰደው። በ1983 የስዊድን የሳይንስ አካዳሚ የሚሰጠውን የክራፎርድ ሽልማት፣ የ"ቢራቢሮ ውጤት" አባት ከሚባለው ከኤድዋርድ ሎሬንዝ ጋር ተካፈለ። በ1989 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተሰጠው። የውቅያኖስ ጅረቶችን ፊዚክስ በማጥናት ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች አንድ ስም ጥሩ ቢባል፣ ብዙ የሙያው ሰዎች የሱን ስም ይጠራሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። የተማርኩት ምህንድስና ነው፣ ያደግኩትም ከባሕር ርቄ ነው። ስቶምልን ያገኘሁት ለራሴ ትንንሽ ሲሙሌሽኖችን ስጽፍ ነው፤ ዛሬ የዓለም የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ከሚጨነቁባቸው ትልልቅ ጥያቄዎች አንዱ በ30 መስመር ኮድ ሊጻፍ እንደሚችል ሳይ ደነገጥኩ። ማን አሰበው ብዬ ስከተል ወደ አንድ የ1961 ጽሑፍ ደረስኩ። ከዚያ ወደ ሰውየው።

እንደ እኔ ሃያዎቹን እያገባደዳችሁ ከሆነ፣ በበዓል ቀን ዘመድ ሲሰበሰብ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ፦ "ማስተርሱን መቼ ነው የምትጀምረው?" ስለዚህ ከመጀመሪያ ዲግሪ ወዲያ ሳይሄድ አንድን ሳይንስ ስለለወጠ ሰው ሳነብ ጆሮዬ ይቆማል። ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ይሄ "ትምህርት ምን ያደርጋል፣ እነ እገሌም አቋርጠው ነው ቢሊየነር የሆኑት" ዓይነት ታሪክ አይደለም። ስቶምል ዕድሜውን ሙሉ ሲማር የኖረ ሰው ነው። ከሱ ሕይወት የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው፦ ጥያቄን ሳይገድሉ ማሳነስ።

ጦርነት የከፈተው በር

የተወለደው በ1920፣ በአሜሪካ ደላዌር ግዛት፣ ዊልሚንግተን ከተማ ውስጥ ነው። ዬልን ሲጨርስ ዓለም በሁለተኛው ጦርነት መሐል ነበረች። እዚያው ዬል ቆይቶ ለባሕር ኃይል ሠልጣኞች ሒሳብና በከዋክብት አቅጣጫ ማወቅን አስተማረ። መሐል ላይ የሥነ መለኮት ትምህርት ጀመረ፤ ስድስት ወር ገደማ ሞክሮት ተወው። ያው፣ መንገዱን ገና ያላገኘ ወጣት ነበር።

በ1944 ወደ ዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ገባ። ተቋሙ በማሳቹሴትስ ጠረፍ ላይ ያለ፣ በ1930 የተመሠረተ፣ ገና ብላቴና የሆነ ቦታ ነው። ጦርነቱ ግን በአንድ ጊዜ አሳደገው። ሰርጓጅ መርከብ ለመፈለግም ሆነ ከሰርጓጅ መርከብ ለመሸሽ ድምፅ በውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ ግድ ነው፤ ያን ለማወቅ ደግሞ የውሃውን ሙቀትና ጨው ማወቅ ያስፈልጋል። ስቶምል የገባው በዚህ ሥራ በኩል ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ በባሕር ጥናት ዲግሪ የሚሰጥ ተቋም በጣት የሚቆጠር ነበር። ሙያው ራሱ ገና በር አልነበረውም፤ በር ከሌለ ደግሞ በረኛም የለም። ሥነ ፈለክ የተማረ ወጣት ገብቶ "ምን ልሥራ?" ሊል ይችላል፤ መርከብ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ደመወዝና ጥያቄ የሚያካፍሉ ሰዎች ያገኛል። ዛሬ ያው ወጣት በዚያው ተቋም ለተመራማሪነት ቢያመለክት የዶክትሬት ወረቀቱን ይጠየቃል። ስለ ስቶምል ብልህነት ስናወራ ስለ ዘመኑም እናውራ።

አምስት ገጽ

ከስቶምል በፊት መርከበኞች ያወቁት፣ ሳይንቲስቶች ግን ማስረዳት ያቃታቸው አንድ ነገር ነበር። በ1760ዎቹ መጨረሻ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የፖስታ ኃላፊ ሳለ አንድ አቤቱታ ቀረበ፦ ከእንግሊዝ ደብዳቤ የሚያመጡት መርከቦች ከንግድ መርከቦች ይልቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ይዘገያሉ። ፍራንክሊን የዓሣ ነባሪ አዳኝ ካፒቴን የነበረውን ዘመዱን ቲሞቲ ፎልገርን ጠየቀው። ፎልገርም ነገሩ ቀላል ነው አለ፤ መሐል ላይ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ጅረት አለ፣ የፖስታ መርከቦቹ እሱን እየተቃወሙ ነው የሚመጡት። ካርታው ላይ ሣለለት። ይህ ጅረት ጋልፍ ስትሪም ይባላል።

መጠኑን ለመገመት ያህል፦ በፍሎሪዳ ወሽመጥ በኩል በየሰከንዱ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ያልፋል። አብዛኛው ከእኛ ተራሮች የሚወርደው የናይል ውሃ፣ አስዋን ላይ በዓመት በአማካይ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ወደ ሰከንድ ስትመነዝሩት 2,700 ሜትር ኩብ አካባቢ ይሆናል። እንግዲህ አስሉት፤ ከ10,000 ናይሎች በላይ፣ ዳርቻ በሌለው ወንዝ፣ በባሕር መሐል ሲፈስ።

እንቆቅልሹ ግን መጠኑ ላይ አይደለም፣ ቦታው ላይ ነው። ጅረቱ ለምን በውቅያኖሱ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ከአሜሪካ ጎን ተጣብቆ ይሮጣል? ፓሲፊክ ላይም እንዲሁ ነው፤ ኩሮሺዮ የሚባለው ብርቱ ጅረት ከጃፓን ጎን እንጂ ከካሊፎርኒያ ጎን አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ጋ ሂዱ፣ አጉላስ የሚባለው ጅረት በሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። ነፋሱ ግን እንዲህ አያዳላም። በውቅያኖሱ ላይ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ተመሳሳይ ሆኖ ነው የሚነፍሰው።

ሬይመንድ ሞንትጎመሪ የተባለ የሙያ ባልደረባ ይህን ጥያቄ ለስቶምል አነሳለት። መልሱ በ1948 ወጣ፤ አምስት ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ነው።

ስቶምል ያደረገው ይሄ ነው። አትላንቲክን ወሰደና አራት ማዕዘን ሣጥን አደረገው። የባሕር ዳርቻው ኩርባ፣ ደሴቶቹ፣ የባሕር ወለሉ ተራሮች፣ ሁሉም ወጡ። ጥልቀቱ በየቦታው እኩል 200 ሜትር ነው። ነፋሱ በሣጥኑ ደቡብ ወደ ምዕራብ፣ በሰሜኑ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ከታች ትንሽ ሰበቃ አለ። በቃ። ከዚያ አንዱን ነገር ብቻ እየቀያየረ ሦስት ጊዜ አሰላው። መጀመሪያ ምድር ባትዞርስ? ውሃው በሣጥኑ መሐል የተስተካከለ ክብ ሠርቶ ይሽከረከራል፤ ምዕራብና ምሥራቅ እኩል ናቸው። ሁለተኛ፣ ምድር ብትዞር፣ ግን የመዞሯ ጫና በሁሉም ቦታ እኩል ቢሆንስ? አሁንም ያው የተስተካከለ ክብ ነው። ሦስተኛ፣ እንደ እውነቱ፣ የመዞሯ ጫና ከምድር ወገብ ወደ ዋልታ እየጨመረ ቢሄድስ? እዚህ ላይ ክቡ ይጣመማል። መስመሮቹ ሁሉ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ተጨናንቀው ይታያሉ። ጋልፍ ስትሪም ከወረቀቱ ብቅ አለ።

ምክንያቱን በቃል ለማስረዳት ልሞክር። ነፋሱ ለውሃው ያለማቋረጥ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ሽክርክሪት ይሰጠዋል። ይህ ሽክርክሪት በየጊዜው እየተደመረ ለዘላለም ሊያድግ አይችልም፤ የሚያጠፋው ነገር ያስፈልጋል። በምሥራቁ በኩል ውሃው ወደ ደቡብ ሲሄድ የምድር መዞር ጫና እየቀነሰ ስለሚመጣ፣ ያ ለውጥ ነፋሱ የሰጠውን ሽክርክሪት ያካክሰዋል። ሒሳቡ ስለተዘጋ ውሃው ተዝናንቶ፣ በሰፊው ይሄዳል። በምዕራቡ በኩል ግን ውሃው ወደ ሰሜን ነው የሚመለሰው፤ ያኔ የኬክሮስ ለውጡ ከነፋሱ ጋር አብሮ ይደመራል። ዕዳው እጥፍ ይሆናል። ይህን ዕዳ ሊከፍል የሚችለው ሰበቃ ብቻ ነው፣ ሰበቃ ይህን ያህል እንዲበረታ ደግሞ ጅረቱ ጠባብና ፈጣን መሆን አለበት።

ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይህ ጽሑፍ ደስ የሚለው በሌላም ምክንያት ነው። ምንጩ ያልታወቀ ባግ ሲያጋጥመን ምንድነው የምናደርገው? ፕሮግራሙን እየቆረጥን እናሳንሳለን፤ ችግሩ አሁንም የሚታይበትን ትንሹን ኮድ እስክናገኝ። ከዚያ አንድ መስመር ስናወጣ ችግሩ ከጠፋ፣ ጥፋተኛው ያ መስመር ነው። ስቶምል በውቅያኖስ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። የኬክሮስን ለውጥ ሲያወጣው ጋልፍ ስትሪም ጠፋ፣ ሲመልሰው ተመለሰ።

ሕልም የሚመስሉ ሐሳቦች

ሣጥን ግን አደጋ አለው። ሠሪው ሊኖርበት ይችላል። ውብ ቀመር ጽፎ፣ ባሕሩ ይስማማ አይስማማ ሳይጠይቁ መኖር ይቻላል። ይህን ከማንም በላይ የተናገረው ስቶምል ራሱ ነው። በ1954 በግሉ አሳትሞ ለባልደረቦቹ ያደለው አንድ ትንሽ ጽሑፍ አለ፤ ርዕሱ በአማርኛ ሲነገር "ስለ ውቅያኖስ ዝውውር ያሉን ሐሳቦች ለምን ይህን ያህል ሕልም መሰሉ?" የሚል ነው። መከራከሪያው ግልጽ ነው፤ ንድፈ ሐሳቦቻችን ከታወቀ ነገር ጋር እንዲገጥሙ ተደርገው ይሠራሉ እንጂ ሊወድቁ በሚችሉበት ቦታ አይፈተኑም። የራሱንም ሥራ ከዚህ ወቀሳ አላወጣም።

ስለዚህ ሊወድቅ የሚችል ነገር ተነበየ። ከጋልፍ ስትሪም በታች፣ በጥልቁ፣ በተቃራኒው ወደ ደቡብ የሚሄድ ጅረት ሊኖር ይገባል አለ። ማንም አላየውም ነበር። እንዴትስ ይታያል? በዚያው ሰሞን ጆን ስዋሎው የተባለ እንግሊዛዊ አንድ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ለሕንፃ ሥራ መወጣጫ ከሚተከለው የአሉሚኒየም ቱቦ የተሠራ ተንሳፋፊ። ክብደቱ ተለክቶ በተፈለገው ጥልቀት ላይ እንዲንሳፈፍ ይደረጋል፤ እየጮኸ ያለበትን ይናገራል፤ መርከቧ ከላይ ሆና ታዳምጠዋለች። በ1957 የእንግሊዝና የአሜሪካ መርከቦች ከደቡብ ካሮላይና ጠረፍ ወጥተው ተንሳፋፊዎቹን ወደ ጥልቁ ላኩ። ወደ ደቡብ ሄዱ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ የጀግና ታሪክ ይሆን ነበር። አላለቀም። ንድፈ ሐሳቡ በውቅያኖሱ መሐል ስላለው ጥልቅ ውሃም የሚለው ነበረው፦ እጅግ በዝግታ፣ በተረጋጋ ሁኔታ ይንቀሳቀሳል። በ1959 እና 1960 ኤሪስ የተባለች ትንሽ የሸራ ጀልባ ይህን ለመለካት በቤርሙዳ አካባቢ ተሰማራች። ተንሳፋፊዎቹ ግን ከተጠበቀው አሥር እጥፍ በሚደርስ ፍጥነት ሮጡ፤ ያውም አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ቀስ ብሎ የሚፈስ ውሃ ሊያዩ ሄደው አዙሪት አገኙ። ውቅያኖሱ እንደ ከባቢ አየር የራሱ "የአየር ጠባይ" አለው ማለት ነው፤ ዛሬ ማዕበል፣ ነገ ጸጥታ። የሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት የሙያው ትልቁ ሥራ ይህን አዙሪት ማጥናት ሆነ፤ በ1973 በአትላንቲክ ላይ የተደረገውን ትልቅ የአዙሪት ጥናት ካነሳሱት አንዱም ስቶምል ነው። ትንቢቱ በከፊል ሲወድቅ ሰውየው አብሮ አልወደቀም። ፈተናውን የፈለገው ለዚህ ነበርና።

ወደ እኛ ጎን

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብዙ አገሮች ተባብረው የሕንድ ውቅያኖስን ለማጥናት ዘመቱ። ስቶምልም መጣ፤ በ1964 ክረምት ከሶማሊያ ጠረፍ ማዶ ያለውን ውሃ ካጠኑት አንዱ ነው። በቀጣዩ ዓመት ከዋረን ዉስተር ጋር ስለ ሶማሊያ ጅረት የጻፈው ወጣ።

ለምን ሶማሊያ? ጋልፍ ስትሪም ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሮጠው። የሶማሊያ ጅረት ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። እኛ ክረምት በምንለው ወቅት ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲመጣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሮጣል፤ አንዳንዴ በሰከንድ ከ3 ሜትር በላይ፣ በዓለም ካሉት ፈጣኖች ተርታ። በበጋ ነፋሱ ሲዞር እሱም ይዞራል። ስለዚህ ተፈጥሮ ራሷ ነፋሱን የምታበራበትና የምታጠፋበት ላቦራቶሪ ነው፤ ውቅያኖስ ለነፋስ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመልስ እዚያ ይታያል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ሳነብ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ያ የክረምት ነፋስ በምሥራቅ አፍሪካ ጠርዝ ላይ ጠብቦና ፈጥኖ ነው የሚያልፈው፤ ፊንድሌተር የተባለ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጨረሻ መንገዱን በካርታ አስቀምጦታል። በ1976 ደግሞ አንደርሰን የተባለ ሳይንቲስት ይህን ነፋስ በስቶምል ዓይነት ሒሳብ አስረዳው። የኬንያና የኢትዮጵያ ተራሮች እንደ ግድግዳ ይቆማሉ፤ ነፋሱም ልክ ጋልፍ ስትሪም በአሜሪካ ጠረፍ እንደሚጠብበው በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ይጠብባል። በውቅያኖሱ ሣጥን ውስጥ የአሜሪካ ጠረፍ የያዘውን ቦታ፣ በአየሩ ሣጥን ውስጥ የያዙት የእኛ ተራሮች ናቸው።

ሁለት ጋን ውሃ

አሁን ወደ 1961። ሁለት ጋን አስቡ። አንደኛው የሞቃታማው ባሕር ነው፤ ሙቅ ነው፣ ፀሐይ ውሃውን ስለምታተነው ጨው የበዛበት ነው። ሁለተኛው የዋልታ አካባቢ ባሕር ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ዝናብና የቀለጠ በረዶ ስለሚገባበት ጨው ያነሰበት ነው። ሁለቱ ጋኖች ከታች በቱቦ ተገናኝተዋል፤ ከላይ ደግሞ ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው መፍሰስ ይችላል። ሲቀዘቅዝ ውሃ ይከብዳል። ጨው ሲበዛበትም ይከብዳል። ስለዚህ ሁለቱ ነገሮች ይጓተታሉ፤ ቅዝቃዜው "የዋልታው ጋን ይክበድ" ይላል፣ ጨው ደግሞ "የለም፣ የሞቃታማው" ይላል።

ዛሬ አትላንቲክ ላይ የሚያሸንፈው ቅዝቃዜው ነው። በሰሜን የቀዘቀዘው ውሃ ይሰምጣል፤ ከታች ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ከላይ ደግሞ ሙቅና ጨዋማ ውሃ ሊተካው ወደ ሰሜን ይወጣል። አሁን ይህን ልብ በሉ፦ ወደ ሰሜን የሚወጣው ውሃ ጨው ይዞ ስለሚሄድ የሰሜኑ ጋን ከባድ ሆኖ እንዲቀጥል ይረዳዋል። ፍሰቱ ራሱን ይመግባል። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ ፍሰቱ ከደከመ ጨው አይደርስም፣ የዝናቡ ውሃ ይጠራቀማል፣ ውሃው ይቀላል፣ ፍሰቱ የበለጠ ይደክማል።

ስቶምል በጥቂት ቀመሮች ያሳየው፣ በዚያው ሙቀትና በዚያው ዝናብ ሁለት የተለያዩ የተረጋጉ ሁኔታዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ነው። አንደኛው ቅዝቃዜ የሚመራው ፈጣን ፍሰት፣ ሌላኛው ጨው የሚመራው ወደ ኋላ የሚሄድ ዝግተኛ ፍሰት።

በፓይተን ስጽፈው 30 መስመር አልሞላም። ወደ ሰሜኑ ጋን የሚገባውን ንጹሕ ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመርኩ ፍሰቱን ሳትመው መጀመሪያ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ፍሰቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ትጨምራለህ፣ ትንሽ ይቀንሳል። ከዚያ አንዲት እርምጃ ላይ፣ ካለፈው እርምጃ በማትበልጥ እርምጃ፣ ግራፉ ገደል ይገባል። ቁጥሩን ወደነበረበት መለስኩት፤ ፍሰቱ አልተመለሰም። የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ቀስ ብለህ ስትጫነው ለጊዜው ምንም አይሆንም፣ ከዚያ ቀጭ ይላል፤ ጣትህን ስላነሳህ ብቻም መብራቱ ተመልሶ አይመጣም። እኛ የሶፍትዌር ሰዎች ይህን "ስቴት" እንለዋለን፤ ውጤቱን የሚወስነው ዛሬ ያስገባኸው ቁጥር ብቻ አይደለም፣ ከየት እንደመጣህም ጭምር ነው።

ስቶምል በጽሑፉ መጨረሻ፣ እውነተኛው ውቅያኖስ እንዲህ ቢሆን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ብዙ የሚያስብ ነገር እንዳለው ጠቆም አድርጎ አለፈ። ለሃያ ዓመት ገደማ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ1980ዎቹ ነው ተመራማሪዎች በትልልቅ የኮምፒውተር ሞዴሎች ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ማየት ሲጀምሩ ወደዚያ ጽሑፍ የተመለሱት።

ወንበሩና ሰውየው

በሙያ ሕይወቱ እስካሁን ያላነሳሁት መልክ አለ። ዉድስ ሆልን ይወድ ነበር፣ ግን ከጊዜው አመራር ጋር አልተስማማም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወጣ። ሃርቫርድ ገብቶ እስከ 1963 ቆየ፤ ከዚያ ኤም.አይ.ቲ. አሥራ አምስት ዓመት። ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚመኘውን ወንበር ይዞ ማለት ነው። በ1978 የዉድስ ሆል አመራር ከተቀየረ በኋላ ወንበሩን ትቶ ወደዚያው ተመለሰ፤ በ1992 እስኪሞት እዚያ ሠራ።

በኤም.አይ.ቲ. ዘመኑ የዶክትሬት ተማሪዎችን አማክሯል። አንዱ ካርል ዉንሽ ነው፤ በኋላ የሙያው ትልቅ ሰው የሆነ። አስቡት፤ ዶክትሬት የሌለው ሰው ዶክትሬት ሲያስመርቅ። ግን ወረቀት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ስቶምል ከትምህርት ቤት ያላገኘውን ከሰዎች አገኘ፤ ጥያቄ ከሞንትጎመሪ፣ ተንሳፋፊ ከስዋሎው፣ ጥልቁን ባሕር በሒሳብ አብሮት ከጻፈው ከአርኖልድ አሮንስ። ወረቀቱ ባይኖርም ወረቀቱ ይሰጣል የሚባለው ነገር ሁሉ ነበረው፦ ጊዜ፣ መሣሪያ፣ የሚከራከር ባልደረባ። በእኛ አገር ወረቀቱ ኖሮን ያ ሁሉ የሚጎድለን ብዙ ነን። ዘመድ "ማስተርሱን መቼ ነው?" ሲለኝ አሁን በልቤ የምመልሰው ይህንን ነው፤ ማስተርሱ እነዚህን ሦስቱን ይዞ ከመጣ፣ ነገ እጀምራለሁ።

በ2021 የተጻፈ ትዝታ

በ1989፣ ሊሞት ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ስቶምል አንድ እንግዳ ጽሑፍ አወጣ። ተራኪው በ2021 ሆኖ ወደ ኋላ ያስታውሳል። በትረካው፣ መርከብ የማያስፈልጋቸው ብዙ ትንንሽ ሮቦቶች በውቅያኖሶች ውስጥ እየሰመጡና እየወጡ ይጓዛሉ፤ ኃይላቸውን ከውሃው የሙቀት ልዩነት ይወስዳሉ፤ ላይ ሲወጡ ያዩትን በሳተላይት ይልካሉ። ስማቸው ስሎከም ነው፤ በ1890ዎቹ ብቻውን በጀልባ ዓለምን ለመጀመሪያ ጊዜ በዞረው በጆሹዋ ስሎከም የተሰየሙ። የመሣሪያው ሐሳብ ከመሐንዲሱ ከዳግ ዌብ ጋር የተጠነሰሰ ነው።

ልብ ወለድ ይመስል ነበር። ግን ዌብ ሠራው። በ2009 ስሎከም ግላይደር የሚባለው ሮቦት ከኒው ጀርሲ ተነስቶ በ221 ቀን አትላንቲክን አቋርጦ ስፔን ደረሰ። አርጎ የሚባለው የተንሳፋፊዎች መረብ ደግሞ ዛሬ 4,000 የሚጠጉ መሣሪያዎች አሉት፤ እያንዳንዱ በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ጥልቀት ወርዶ እየለካ ይወጣል። ስቶምል የጠላውን "ሕልም" በልኬት የሚተካ ሠራዊት።

ከሁለቱ ሣጥኖቹ አሁን ምን እንደቀረን ልንገራችሁና ላብቃ። ዜና ላይ "ጋልፍ ስትሪም ሊቆም ነው" የሚል ርዕስ ስታዩ ሁለቱ ተቀላቅለዋል ማለት ነው። የ1948ቱ ሣጥን እንደሚለው ጋልፍ ስትሪምን በዋናነት የሚነዱት ነፋስና የምድር መዞር ናቸው፤ ዉንሽ በ2004 ለኔቸር መጽሔት በጻፈው ደብዳቤ እንዳስታወሰው፣ ነፋስ እስከነፈሰ ምድርም እስከዞረች ድረስ ይኖራል። ሊደክም የሚችለው የ1961ዱ ነው፤ ሰሜን ላይ እየሰመጠ በጥልቁ የሚመለሰው ዝውውር። ከግሪንላንድ የሚቀልጠው በረዶ ወደ ሰሜኑ ጋን የሚገባ ንጹሕ ውሃ ነው።

እውነተኛው ውቅያኖስ ሁለት ጋን አይደለም። ነፋስ አለው፣ አዙሪት አለው፣ ገደሉ የት እንዳለ ከ30 መስመር ኮድ አይነበብም። በ2021 የወጣው የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ጉባኤ ሪፖርት ዝውውሩ በዚህ ክፍለ ዘመን መዳከሙ በጣም የሚጠበቅ ነው ይላል፤ ከ2100 በፊት ድንገት እንደማይቆም ደግሞ መካከለኛ እምነት አለን ይላል። "መካከለኛ"። ከ2004 ጀምሮ ከባሃማስ እስከ አፍሪካ ጠረፍ፣ በ26.5 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ የተዘረጉ መሣሪያዎች ይህን ፍሰት ያለማቋረጥ ይለካሉ፤ አማካዩ በሰከንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። የሚጠብቁት በ1961 ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ ነው፦ ገደሉ ከኛ ምን ያህል ይርቃል?